ከውጫሌ እስከ ራማላህ፦ ዕውቅና የሰጠ አፍ ስለምን ዝም ይላል?



በመስከረም 2018 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ ወሎ ተጉዤ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሐይቅ ከተማ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነበር። የሰሞኑ ዜና ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ፖርቱጋልና ፈረንሳይ በሁለት ቀናት ውስጥ ተከታትለው ለፍልስጤም መንግሥት ዕውቅና መስጠታቸው ነበር። ከአጠገቤ ሁለት ወጣቶች በዚሁ ጉዳይ ይሟገታሉ። አንደኛው በአንገቱ ማተብ አስሯል፤ ሌላኛው ቆብ ደፍቷል። ክርክራቸው ስለ ዲፕሎማሲ ሳይሆን ስለ ሃይማኖት ነበር። አንዱ እስራኤልን የደገፈው ክርስቲያን በመሆኑ፣ ሌላው ለፍልስጤም የቆመው ሙስሊም በመሆኑ ብቻ እንደሆነ ሁለቱም አልሸሸጉም።

ጸጥ ብለው ሲያዳምጧቸው የቆዩ አንድ አረጋዊ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህና እስቲ ይህን አስረዳኝ። አገሩ ካለ እንዴት ሳይታወቅ ቀረ? ከሌለስ ምኑ ይታወቃል?» አሉኝ።

ወጣቶቹ ሣቁ። እኔ ግን አልሣቅሁም። የዓለም አቀፍ ሕግ ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ የተከራከሩበት ጥያቄ ይኸው ነውና። አንደኛው ወገን «ዕውቅና ያለውን ነገር ማረጋገጥ እንጂ የሌለውን መፍጠር አይደለም» ይላል። ሌላኛው ወገን ደግሞ «ሌሎች መንግሥታት ካልተቀበሉት መንግሥት ነኝ ማለት ብቻውን ዋጋ የለውም» ሲል ይሞግታል። ለእኚያ አባት በዚያች ሰዓት የሰጠኋቸው መልስ አጭር ነበር፦ «አባባ፣ መልሱ እዚሁ ጎረቤታችሁ ውጫሌ ላይ ነው» አልኋቸው። ዛሬ ያንን አጭር መልስ ዘርዘር አድርጌ ለማቅረብ እወዳለሁ።

ይስማ ንጉሥ ላይ የጠፋው ድምፅ

ከሐይቅ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ብዙ ሳይርቅ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከውጫሌ ይደርሳል። ዐጼ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 1889) ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ 20 አንቀጾች ያሉትን ውል የተፈራረሙት በዚሁ አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ነው። የስፍራው ስም ራሱ ያስገርማል። ንጉሡ ይስማ በተባለበት ቦታ፣ ንጉሡ ያልሰማው ነገር በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ አለፈ።

የአንቀጽ 17ን ጉዳይ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ተማሪ የለም። የዐማርኛው ቅጂ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የኢጣልያንኛው ቅጂ ግን ፈቃዱን ግዴታ አደረገው። ኢጣልያም ጊዜ ሳታጠፋ በ1889 ጥቅምት ወር ላይ የበርሊኑን ስምምነት አንቀጽ 34 ጠቅሳ ለኃያላኑ አስታወቀች። ብሪታንያ ተቀበለች፤ የአውሮፓ ካርታ አታሚዎችም ኢትዮጵያን በኢጣልያ ቀለም ቀቡ። ምኒልክ ንግሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በደብዳቤ ባስታወቁ ጊዜ ከለንደንና ከበርሊን የተመለሰላቸው ቃል በአጭሩ «ጉዳይህን በኢጣልያ በኩል አድርገህ ላክ» የሚል ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ እጠይቃለሁ። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ የጎደላት ምን ነበር? መሬት ነበራት፣ ሕዝብ ነበራት፣ ሠራዊት ነበራት፣ ግብር የሚሰበስብና ፍርድ የሚሰጥ መንግሥት ነበራት። አንድ የኢጣልያ ወታደር አምባሰልን ሳይረግጥ፣ አንድ ጥይት ሳይተኮስ፣ አገሪቱ በዓለም ፊት ድምፅ አልባ ሆነች። የሐይቁ አባት «አገሩ ካለ እንዴት ሳይታወቅ ቀረ?» ላሉት የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው። አገር እያለ የማይታወቀው፣ ስለ እርሱ ሌላው እንዲናገርለት የሚፈቅድ ወረቀት ሲገኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ይታወቃል። ምኒልክ በ1890 ለንጉሥ ኡምቤርቶ ተቃውሟቸውን ጻፉ፤ በ1891 የግዛታቸውን ወሰን ዘርዝረው ለኃያላኑ አስታወቁ፤ በ1893 ውሉን አፈረሱ። እቴጌ ጣይቱ በድርድሩ ወቅት ያሳዩት ጽናትም በታሪክ ተመዝግቧል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተደረገው ደግሞ ከቃል በላይ ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል ኢጣልያ የውጫሌ ውል ለዘለዓለም መሻሩንና የኢትዮጵያን ፍጹም ነጻነት አረጋገጠች። በቀጣዩ ዓመት የፈረንሳይና የብሪታንያ መልእክተኞች እየተከታተሉ ምኒልክ ፊት ቀረቡ። ትናንት «በኢጣልያ በኩል ላክ» ያሉት ዛሬ ራሳቸው ደጅ ጠኑ።

ከዚህ የምንማረው አንድ መራራ እውነት አለ። ዕውቅና ለመልካምነት የሚሰጥ ሽልማት አይደለም፤ ኃያላን እንደ ጥቅማቸው የሚሰጡትና የሚነሡት መሣሪያ ነው። ስለዚህም ነው ምኒልክ በጦር ሜዳ ብቻ ሳይሆን በብዕርም የተዋጉት፤ ከጦርነቱ በፊት ለስድስት ዓመታት ያህል የተካሄደው ትግል ስለ አንዲት ግሥ ትርጉም ነበርና።

አንቀጽ 17 እና አንቀጽ 9

በ1933 በሞንቴቪዴዎ የተፈረመው ስምምነት አንድ አካል መንግሥት ለመባል አራት ነገሮች እንደሚያስፈልጉት ይደነግጋል፦ ቋሚ ሕዝብ፣ የታወቀ ግዛት፣ መንግሥታዊ አስተዳደር፣ እንዲሁም ከሌሎች መንግሥታት ጋር ግንኙነት የመመሥረት ችሎታ። የውጫሌው አንቀጽ 17 ኢትዮጵያን የነጠቃት አራተኛውን ነው። ሦስቱን ሳይነካ አራተኛውን ብቻ ወሰደ፤ አራተኛው ሲሄድም ሦስቱ ዋጋ እንዲያጡ ታስቦ ነበር።

አሁን ከአምባሰል ወደ ራማላህ እንሻገር። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1995 እስራኤልና የፍልስጤም ነጻ አውጪ ድርጅት በዋሽንግተን የፈረሙት፣ በተለምዶ ሁለተኛው የኦስሎ ስምምነት የሚባለው ሰነድ በአንቀጽ 9 ላይ የፍልስጤም ምክር ቤት በውጭ ግንኙነት ረገድ ሥልጣን እንደማይኖረው ይደነግጋል። በውጭ አገር ኤምባሲና ቆንስላ መክፈት፣ የሌሎች አገሮች ሚሲዮኖች በዌስት ባንክና በጋዛ እንዲከፈቱ መፍቀድ፣ የዲፕሎማቲክ ሠራተኛ መሾምና መቀበል ከሥልጣኑ ውጭ ናቸው። የነጻ አውጪው ድርጅት በስሙ ሊዋዋል የሚችለው እንደ ኢኮኖሚ፣ የእርዳታ፣ የባህልና የትምህርት ባሉ ውሱን ጉዳዮች ብቻ ነው።

ይህንን አንቀጽ በመጀመሪያ ባነበብሁ ጊዜ ወደ አእምሮዬ የመጣው ይስማ ንጉሥ ነበር። በእርግጥ ሁለቱ ሰነዶች አንድ አይደሉም። የውጫሌው የትርጉም ተንኮል ነበረበት፤ የኦስሎው ግን ሁለቱም ወገኖች አውቀው የፈረሙት ነው። የውጫሌው ዘላቂ ሞግዚትነትን ፈልጎ ነበር፤ የኦስሎው ደግሞ ከአምስት ዓመት ለማይበልጥ የሽግግር ጊዜ ታስቦ ነበር። ይሁንና ሽግግሩ ሦስት ዐሥርት ዓመታት አልፎታል። «ለጊዜው ዝም በል» የተባለ ሰው ሠላሳ ዓመት ዝም ሲል የቆየ እንደሆነ፣ ያ ለጊዜው ነው ይባላልን?

ፍልስጤማውያን ከዚህ አጥር ለመውጣት የመረጡት መንገድም ምኒልክ በ1891 የመረጡት ዓይነት ነው፤ ለዓለም መንግሥታት በቀጥታ መናገር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 1988 በአልጀርስ ነጻ መንግሥት ማወጃቸው፣ ኖቬምበር 29 ቀን 2012 በ138 የድጋፍ ድምፅ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል ያልሆነ ታዛቢ መንግሥት መባላቸው፣ እነሆ ዛሬ ከ193 አባል አገሮች ውስጥ ከ150 በላይ የሚሆኑት ዕውቅና መስጠታቸው የዚህ መንገድ ምዕራፎች ናቸው። በሜዳ ላይ ወታደራዊ አቅም የሌለው ሕዝብ በወረቀት የተነጠቀውን በወረቀት ለማስመለስ ሲሞክር፣ የውጫሌ ልጆች የሆንን እኛ ሙከራውን ከንቱ ልፋት ልንለው አይገባም።

ሃያ አምስቱ ዝምተኞች

የሐይቁ አባት ጥያቄ ሁለተኛ ክፍል ነበረው፦ «ከሌለስ ምኑ ይታወቃል?» ይህንን ክርክር በእኛ ላይ የሰማነው በ1928 ዓ.ም. ነው።

ዐጼ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ የወጡት እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 1936 ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የውጫሌ ውል በተፈረመ ልክ በ47ኛው ዓመት ማለት ነው። ከጅቡቲ በብሪታንያ የጦር መርከብ ተሳፍረው የወረዱት ደግሞ ሐይፋ ወደብ ላይ ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ኢየሩሳሌም አቀኑ። ፍልስጤም በዚያን ጊዜ በብሪታንያ ሞግዚትነት ሥር ነበረች። ሚያዝያ ላይ የጀመረው የፍልስጤም ዐረቦች ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማም አገሩን ይዞት ነበር። አገሩን የተነጠቀ ንጉሠ ነገሥት አገራችንን ልንነጠቅ ነው ብሎ ወዳመፀ ሕዝብ መሬት በስደተኛነት ገባ። ታሪክ እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ አለው።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ያሰሙት ንግግር በሁላችንም ዘንድ ይታወሳል። ከንግግሩ በኋላ የሆነውን ግን ጥቂቶች ናቸው የሚያስታውሱት። ኢትዮጵያ የመከላከል ዐቅሟን ለመገንባት የሚያስችላት የ10 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ዋስትና እንዲሰጣት የጠየቀችበት የውሳኔ ሐሳብ ለድምፅ ቀረበ። የደገፈ አንድ፦ ኢትዮጵያ ራሷ። የተቃወሙ 23። ድምፀ ተዓቅቦ ያደረጉ 25።

ሃያ አምስት! ከተቃዋሚዎቹ ይልቅ ዝምተኞቹ በዙ። ከእነዚያ መካከል ብዙዎቹ በልባቸው ያዘኑልን እንደነበሩ አልጠራጠርም። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው «ብሔራዊ ጥቅም»፣ የየራሳቸው ጎረቤት፣ የየራሳቸው ሥጋት ነበራቸው። «ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። ነገር ግን በጄኔቭ አዳራሽ የተቀመጠው ዝምታ ነቅዟል፤ ነቀዙም ሦስት ዓመት ሳይሞላ ወደ ዝምተኞቹ አገሮች ደረሰ።

ከዚያ የዕውቅና ገበያ ተከፈተ። በሜይ 1938 የብሪታንያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሎርድ ሃሊፋክስ በማኅበሩ ምክር ቤት ፊት ያቀረቡት ክርክር ባጭሩ፣ ኢጣልያ አገሩን በእጇ ስላስገባች እውነታውን መቀበል ይገባል፣ እያንዳንዱ አባል አገርም የመሰለውን ያድርግ የሚል ነበር። ቻይና፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ኒውዚላንድና ቦሊቪያ ተቃወሙ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ብሪታንያ የኢጣልያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብላ በሕግ ተቀበለች።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ንጉሠ ነገሥቱ ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለውን ኩባንያ በኢትዮጵያና በብሪታንያ መካከል ለነበረው የሬዲዮ ቴሌግራፍ አገልግሎት የሚገባውን ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ የሆነ ሂሳብ እንዲከፍል በለንደን ፍርድ ቤት ከሰውት ነበር። በ1938 ክረምት ፍርድ ቤቱ ብሪታንያ እርሳቸውን ሕጋዊ ገዥ አድርጋ ስለምታውቅ ገንዘቡ የእርሳቸው ነው ብሎ ፈረደላቸው። ይግባኙ እየታየ ሳለ ብሪታንያ ዕውቅናዋን ወደ ኢጣልያ አዛወረች። በዲሴምበር ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ገንዘቡ የኢጣልያ ንጉሥ ነው አለ። ማስረጃው አልተለወጠም፤ ውሉ አልተለወጠም፤ ዳኞቹም ጉቦ አልበሉም። የተለወጠው አንድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወረቀት ነው። ዕውቅና ማለት ይህ ነው፤ ስደተኛ ንጉሥ እንጀራ የሚገዛበት ገንዘብ ሳይቀር የሚሰጥና የሚነሣ ወረቀት።

በአንጻሩ ወረራውን ያልተቀበሉ ነበሩ። አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ሜክሲኮ ይጠቀሳሉ። ሜክሲኮ ከእኛ ጋር ወሰን የላትም፤ ሃይማኖታችንም ቋንቋችንም አይገናኝም፤ ከእኛ የምታተርፈው ንግድም አልነበራትም። ይሁንና ዝም አላለችም። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በየቀኑ ብዙ ሺህ ሰው ታክሲ የሚጠብቅበት ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው ከዚህ ውለታ ነው። ድምፀ ተዓቅቦ ካደረጉት 25 አገሮች ውስጥ ስለዚያ ድምፅ ብለን አደባባይ የሰየምንለት አንድም የለም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንዲሉ፣ የተወጋም ሰው አብሮት የጮኸውን አይረሳም።

የእኛ መዝገብ ምን ይላል?

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። ኢትዮጵያ በፍልስጤም ጉዳይ ላይ ያላት መዝገብ ዥዋዥዌ የበዛበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፍልስጤምን ለሁለት ለመክፈል ድምፅ ሲሰጥ ኢትዮጵያ ድምፀ ተዓቅቦ ካደረጉት 10 አገሮች አንዷ ነበረች። የኤርትራ ጉዳይ ገና ያልተቋጨበት፣ የማንንም ድምፅ ማጣት የሚያስፈራበት ጊዜ ነበረ። በ1961 ለእስራኤል ሙሉ ዕውቅና ሰጠች፤ በኦክቶበር 1973 ግንኙነቱን አቋረጠች። በ1989 መጀመሪያ የፍልስጤምን መንግሥት ዐወቀች፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ደግሞ ከእስራኤል ጋር የተቋረጠውን ግንኙነት ቀጠለች። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በደንብ ሊጤን ይገባል። አንድ መንግሥት በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱንም አድርጓል። ለአንዱ ዕውቅና መስጠት ለሌላው ጠላት መሆን እንዳልሆነ ከራሳችን መዝገብ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

በ2012 ኢትዮጵያ ለፍልስጤም የታዛቢ መንግሥትነት የድጋፍ ድምፅ ሰጠች። ከዚያ በኋላ ግን ዝምታው መጣ። በኦክቶበር 27 ቀን 2023 በጋዛ የሰብአዊነት የተኩስ ፋታ እንዲደረግ በቀረበው የውሳኔ ሐሳብ ላይ ድምፀ ተዓቅቦ አደረገች። በሴፕቴምበር 12 ቀን 2025 የሁለት መንግሥታት መፍትሔን የሚደግፈው የኒውዮርክ መግለጫ በጠቅላላ ጉባኤው ሲጸድቅ 142 አገሮች ደገፉ፣ 10 ተቃወሙ፣ 12 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ከዐሥራ ሁለቱ አንዷ ኢትዮጵያ ናት። መግለጫው የሐማስን የኦክቶበር 7 ቀን 2023 ጥቃት የሚያወግዝ፣ ታጋቾች እንዲለቀቁና ሐማስ ትጥቁን ፈትቶ ከጋዛ አስተዳደር እንዲወጣ የሚጠይቅ ነበር። ስለዚህ «የሽብር ጥቃትን ላለመደገፍ ነው» የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ አይሠራም።

ጥያቄዬ ቀላል ነው። በ1989 «መንግሥት ነህ» ያልነውን፣ በ2025 «ከእስራኤል ጎን በሰላም የሚኖር መንግሥት ይኑርህ» የሚል ሰነድ ሲቀርብ ዝም ካልነው፣ ዕውቅናችን ምን ትርጉም አለው? ከሰው ፊት «ወንድሜ ነው» ብሎ ተናግሮ፣ ወንድሙ ሸንጎ ሲቆም ጉሮሮውን እየጠራረገ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ሰው በወሎ ባህል ምን እንደሚባል አንባቢ ያውቃል።

ለተቃራኒው ሐሳብ

በዚህ አቋም ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሊናቁም አይገባም።

የመጀመሪያው የዐባይ ጉዳይ ነው። የአረብ ሊግ፣ ፍልስጤም አባል የሆነችበት ድርጅት፣ በ2020ም በ2021ም በሕዳሴው ግድብ ጉዳይ ከግብፅና ከሱዳን ጎን ቆሟል። «ለእኛ ላልቆመ ለምን እንቆማለን?» የሚለው ስሜት እውነተኛ ነው፤ እኔም ስሜቱ አለኝ። ነገር ግን ግድቡ የተገነባው በማንም ድምፅ ሳይሆን በሕዝብ ገንዘብና ጉልበት ነው፤ ጳጉሜን 2017 ላይ የተመረቀውም ሊጉ ስለፈቀደ አይደለም። የዕውቅናን መርሕ በብድር መመለሻነት የምንጠቀምበት ከሆነ፣ በ1928 ዓ.ም. ድምፃቸውን የነፈጉንን ለመውቀስ ምን መብት ይኖረናል? እነርሱም የየራሳቸው ሒሳብ ነበራቸውና።

ሁለተኛው፣ «ፍልስጤም ግዛቷን አትቆጣጠርም፤ ከ2007 ወዲህ ዌስት ባንክና ጋዛ በሁለት አስተዳደር ተከፍለዋል፤ ታዲያ ማንን ነው የምናውቀው?» የሚለው ነው። የመከፋፈሉ ጥፋት በፍልስጤም መሪዎች ጫንቃ ላይ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን «አልተቆጣጠርህምና አላውቅህም» የሚለው ቃል የሎርድ ሃሊፋክስ ቃል ነው። በ1938 ዐጼ ኃይለ ሥላሴ ባዝ በተባለችው የእንግሊዝ ከተማ በስደት ነበሩ። አርበኞቻችን በየጫካው ይዋደቁ ነበር። ያን ጊዜ ኢትዮጵያ የለችም የሚለውን ክርክር ብንቀበል ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ በዐማርኛ ባልጻፍሁ ነበር።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው፦ «የመገንጠል ጥያቄ ያለባት አገር ለሌላው መንግሥትነት መሟገት የለባትም።» በተለይ በጃንዋሪ 2024 ከሶማሊላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ያስነሣውን አቧራ ላየ ሰው ዕውቅና በቀጠናችን ምን ያህል ተቀጣጣይ ቃል እንደሆነ ግልጽ ነው። ይሁንና ነገርና ነገር መለየት አለበት። የፍልስጤም ጥያቄ ከአንድ አገር የመገንጠል ጥያቄ አይደለም። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በጁላይ 19 ቀን 2024 በሰጠው የምክር አስተያየት እስራኤል በ1967 በያዘቻቸው ግዛቶች መቆየቷ ሕገ ወጥ መሆኑን ገልጿል። ጉዳዩ የወረራ ጉዳይ ነው። በወረራ ላይ ዝም ያለማለት ልማድ ደግሞ የእኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ በዚሁ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ናሚቢያ ከእኛ ጋር አትዋሰንም፤ መንግሥትም አልነበራትም። በ1966 ዳኞቹ እኩል ለእኩል ተከፍለው፣ በፕሬዚዳንቱ ተጨማሪ ድምፅ፣ «ከሳሾቹ በነገሩ የራሳቸው ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም» ተብለው ተሸነፉ። ነገር ግን ያ ሽንፈት መንገድ ከፈተ። በ1971 ያው ፍርድ ቤት የደቡብ አፍሪካ በናሚቢያ መቆየት ሕገ ወጥ ነው አለ፤ በ1990 ናሚቢያ ነጻ ወጣች። «ጥቅም የላችሁም» ተብለው እንኳ የተናገሩ አባቶች ልጆች ነን።

የእስራኤልን ጉዳይ በተመለከተ፣ ከ160 ሺህ በላይ የኢትዮጵያ ዝርያ ያላቸው ወገኖቻችን በዚያ ይኖራሉ። ከእስራኤል ጋር ያለን ወዳጅነትም ረጅም ነው፤ መጠበቅ አለበት። በኦክቶበር 7 የተገደሉት 1,200 ያህል ሰዎች ደም ደም ነው፤ በጋዛ ያለቁት ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች ደምም ደም ነው። በ2025 ዕውቅና የሰጡት ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና ካናዳ ከእስራኤል ጋር ያላቸውን ግንኙነት አላቋረጡም። እኛ ከእነርሱ ይልቅ የምንፈራበት ምክንያት አይታየኝም።

ከአምባሰል የሚታየው ኢየሩሳሌም

ወደ ሻይ ቤቱ ልመለስ። ማተብ ያሰረው ወጣት ኢየሩሳሌም የእርሱ እንደሆነች ይሰማዋል፤ አልፈርድበትም። በአምባሰል ግሼን ማርያም ግማደ መስቀሉ ያረፈበት ተብሎ የሚታመን ደብር አለ። ከሐይቅ ዳርም በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ገዳማቸውን ያቆሙበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ስፍራ ይታያል። ቆብ የደፋው ወጣትም አል-አቅሳ የእርሱ እንደሆነ ይሰማዋል፤ በእርሱም አልፈርድም። ሁለቱ ወጣቶች ግን አንድ ነገር አልተገነዘቡም። በዴር ሡልጣን የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ጎጆዎች የቆሙት በምሥራቅ ኢየሩሳሌም፣ በአሮጌው ከተማ፣ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ነው። ለዘመናት ከግብፅ ቤተ ክርስቲያን ጋር ስንከራከርበት የኖርነው ያ ይዞታ በ1961 በዮርዳኖስ፣ በ1970 ደግሞ በእስራኤል መንግሥት ውሳኔ ከእጅ ወደ እጅ ሲገለባበጥ ኖሯል። የኢየሩሳሌም የወደፊት ዕጣ በሚወሰንበት ጠረጴዛ ላይ ዝም የሚል አገር፣ የራሱ ቁልፍ በማን ኪስ እንደሚያድር ሌሎች እንዲወስኑለት ፈቅዷል ማለት ነው። የክርስቲያኑም ወጣት ጉዳይ ከዚህ ዕውቅና ውጭ አይደለም።

በወሎ አንድ ቤት ውስጥ ወንድም ሙስሊም፣ እኅት ክርስቲያን ሆነው በአንድ ማዕድ ይቀርባሉ። ይህን ቤት ብዙ ሰዎች ከሚሞቱበት የሩቅ አገር ጠብ በተወሰደ ጎራ መክፈል ትልቅ ጥፋት ነው። ውጫሌ የክርስቲያንም የሙስሊምም ውርደት ነበረች፤ ዓድዋም የሁለቱም ክብር ነው። የፍልስጤም ጥያቄ ለወሎ ሰው የሚቀርበው በሃይማኖት በር ሳይሆን በይስማ ንጉሥ በር ሊሆን ይገባል።

በመሆኑም ሁለት ነገሮችን እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ መንግሥት በ1989 ለሰጠው ዕውቅና የሚመጥን ድምፅ በተባበሩት መንግሥታት ይስጥ፤ ድምፁን ሲያቅብም ስለምን እንዳቀበ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያስረዳ። በስማችን የሚደረግ ዝምታ የእኛም ዝምታ ነውና ምክንያቱን የማወቅ መብት አለን። ሁለተኛ፣ እኛ መምህራን የውጫሌን ውል የዓድዋ መንደርደሪያ ብቻ አድርገን ማስተማራችንን እንተው። አንቀጽ 17 የአንድ ተርጓሚ ወንጀል ታሪክ ብቻ አይደለም፤ አንድ ሕዝብ ስለ ራሱ እንዳይናገር ሲደረግ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ የዓለም ትምህርት ነው።

ከሻይ ቤቱ ስንወጣ የሐይቁ አባት በጥሞና ከሰሙኝ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «እንግዲያስ ልጄ፣ መታወቁስ ታውቋል። የጎደለው የሚያውቀው ሰው መመስከሩ ነዋ!»

ዶክትሬት ለመያዝ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ ግን ልጽፍ አልችልም።

ቸር ይግጠመን።